ከባሕር ዳር ወዲያ ያለው መንገድ

በአንድ የልማት ድርጅት ውስጥ የሠራተኞችን ጉዞ የማስተባብር ነኝ። ከሩቅ ለሚያየው ቀላል ሥራ ነው፤ ሰው ይሄዳል፣ ሰው ይመለሳል። ለባልደረቦቼ ግን እስከ ዛሬ ያልነገርኳቸው ነገር አለ። በደቡብ ጎንደር ወዳሉት ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ በወጡ ቁጥር «ደርሰናል» የሚለውን ድምፃቸውን ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። የተወለድኩበት አገር ስለሆነ አውቀዋለሁ። ጉና ላይ ጉም ሲወርድ ሾፌር አፍንጫው ሥር ያለውን የሚያጣበት ሰዓት አለ። ክረምት ሲገባ ከወረታ ወልዲያ አስፋልት ተገንጥሎ ወደ ቀበሌ የሚያስገባው መንገድ ጭቃ ይሆናል። ወደ በሸሎ በሚወርደው ቆላ ደግሞ ስልክ የሚሠራው እዚህም እዚያም ነው።

ወደዚህ አገር የሚመላለሰው የመሥሪያ ቤት ሰው ብዙ ነው። የሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ጋይንትና ስማዳ ከታቀፉት ወረዳዎች ውስጥ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ገምጋሚው፣ ኦዲተሩ፣ አጥኚው፣ ለጋሹ ሁሉ ጠዋት ከቦሌ ተነስቶ፣ ባሕር ዳር ወርዶ፣ መኪና ይዞ ሽቅብ ይወጣል። ይህን ሁሉ ሰው እያንዳንዱ ትኬቱን ራሱ እየገዛ፣ ደረሰኙን ራሱ እያወራረደ ማንቀሳቀስ አይቻልም። የጉዞ ወኪል የሚቀጠረው ለዚህ ነው።

ጥሩ ወኪል ትኬት ከመቁረጥ ያለፈ ሥራ አለው። ከሆቴሎች ጋር ዋጋ ይደራደራል፤ የወሩን ወጪ በአንድ ደረሰኝ ሰብስቦ ይልካል፤ የውጭ እንግዳ ቪዛ ያስጨርሳል፤ በረራ ሲሰረዝ ቀን ያስቀይራል፤ ያልተበረረበትን ገንዘብ ተከታትሎ ያስመልሳል። ድሮ ወኪሎች የሚኖሩት አየር መንገዶች ከትኬት ላይ በሚቆርጡላቸው ኮሚሽን ነበር። የአሜሪካ አየር መንገዶች እ.ኤ.አ. በ1995 ኮሚሽኑን መገደብ ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ዴልታ ጨርሶ አቆመው፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ያን ጊዜ ወኪሉ የአገልግሎት ክፍያውን ከተጓዡ መሥሪያ ቤት መጠየቅ ግድ ሆነበት። እኛም ዘንድ ዛሬ ክፍያውን የምንከፍለው እኛ ስለሆንን ወኪሉ የእኛ ተቀጣሪ ነው፤ ምን እንዲሠራልን እንደምንፈልግ መናገር ያለብን እኛው ነን። ብዙዎቻችን ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስበን ዝቅተኛውን የአገልግሎት ክፍያ እንመርጥና እንፈርማለን። ሌሊት ስልክ የሚያነሳው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የግዥ ኮሚቴ አልገጠመኝም።

እኔ ይህን የተማርኩት በ2015 ዓ.ም. ክረምት ነው። ሐምሌ 28 ቀን የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ባወጀበት ሳምንት ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደርና ወደ ላሊበላ የሚደረጉ በረራዎች ተቋረጡ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ጠፋ። የእኛ ሰዎች ነፋስ መውጫ ነበሩ። የመመለሻ ትኬታቸው ከባሕር ዳር ነው።

የወኪላችን ትኬት ኦፊሰር ገና ሳልደውልላት ደወለችልኝ። «እትዬ፣ የትኬቱን ነገር ለእኔ ተዪው፤ ቀኑን ክፍት አድርጌ አቆየዋለሁ። መጀመሪያ ሰዎቹ የት እንዳሉ እንወቅ» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ያለውን ጭንቀት ስሰማ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ተሰማኝ። የጉዞውን ወረቀት ሁለታችንም ዘረጋን። የበረራው ቁጥርና ሰዓት፣ የባሕር ዳሩ ሆቴል፣ የሆቴሉ ስልክ፣ የተጓዦቹ የቅርብ ተጠሪ ሁሉ አለ። ከባሕር ዳር ወዲያ ላሉት ቀናት ግን «መስክ» ተብሎ ታልፏል። የት እንደሚያድሩ፣ የማን ስልክ እንደሚሠራ፣ ሾፌሩ ማን እንደሆነ ወረቀቱ ላይ የለም። ከመቶ ሰባ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው የጉዞው ከባድ ክፍል ማንም ያልያዘው ነበር።

ያገኘናቸው በሾፌሩ በኩል ነው። የእስቴ ልጅ ነው። የእሱ ስልክ እንቢ ሲለው ካረፉበት ፔንሲዮን ባለቤት ስልክ ደብረ ታቦር ያለች እህቱ ጋ ደወለ፤ እሷ ደግሞ እኔ ጋ። መልእክቱ አጭር ነበር፦ ሁሉም ደህና ናቸው፣ መንገዱ እስኪጠራ ከቤት አይወጡም፣ ነዳጅ አለ። የሚነዱበትን ቀን የወሰነው እሱ ነው፤ በየከተማው ያሉ ሾፌሮችን እየጠየቀ፣ መናኸሪያ ውስጥ የሚወራውን እያመዛዘነ። በረራው ሲከፈት ትኬት ኦፊሰሯ ያለ ቅጣት አሳፈረቻቸው። ቦሌ ሲደርሱ ደውላ «ገቡ» አለችኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በዚያ ሳምንት ሰዎቻችንን ያተረፉት ትኬት ኦፊሰሯና ሾፌሩ ናቸው። እሷን የሚያውቃት ውል አለ፤ እሱንና እህቱን፣ ስልኳን የሰጠችውን ባለ ፔንሲዮን የሚያውቅ ውል የለም። የመሥሪያ ቤት ጉዞ ማስተዳደር የምንለው ነገር ግማሹ በዘመድ አዝማድ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ እንደኖረ ያወቅሁት ያኔ ነው።

አባቶቻችን እዚህ ላይ ከእኛ ይሻሉ ነበር ብዬ አምናለሁ። በይፋግ ገበያ በኩል የሚያልፈው ሲራራ ነጋዴ መንገድ ሲወጣ ነጋድራስ ነበረው። በየኬላው ቀረጥ የሚደራደረው፣ የት እንደሚታደር የሚወስነው፣ ከአገሬው ባላባት ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው። ኃላፊነቱም ዕቃው ገበያ እስኪደርስ ነው፤ ግማሽ መንገድ ላይ አይቆምም።

ከዚያ ክረምት በኋላ ከወኪላችን ጋር ተቀምጠን ውሉን እንደገና ጻፍነው። ለነፋስ መውጫ፣ ለአርብ ገበያ፣ ለወገዳና ለእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ለእያንዳንዳቸው አንድ ገጽ አዘጋጀን፦ ማረፊያው፣ የባለቤቱ ስልክ፣ በቅርብ ያለው ጤና ተቋም፣ ነዳጅ የሚገኝበት፣ መንገዱን የሚያውቅ ሾፌር፣ ስልክ የሚይዝበት ቦታ። ሾፌሩ ማታ ማታ ይደውላል፤ የአየር ሰዓቱን ወኪሉ ይሞላል። ቡድኑ ካልደወለ ትኬት ኦፊሰሯ መጀመሪያ ወደ ፔንሲዮኑ፣ ቀጥሎም ደብረ ታቦር ላይ ለዚሁ ወደያዝነው ሰው ትደውላለች። የአገልግሎት ክፍያው ጥቂት ጨመረ፤ ፋይናንስ ክፍሉን ለማሳመን ጊዜ ወሰደብኝ፤ አልተውኩትም።

በግዥና በአስተዳደር የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ የሚቀጥለውን የወኪል ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሰዎቻችሁ ከአውሮፕላን ከወረዱ በኋላ የሚያውቃቸው ማን እንደሆነ ጠይቁ። የጉዞ ወኪሎችም፣ ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ሰው የምትልኩ ከሆነ ደብረ ታቦር ላይ አንድ ደመወዝ የምትከፍሉት ሰው ይኑራችሁ። መንገዱን የሚያውቁ ልጆች እዚያው አሉ፤ ቅጠሯቸው።