ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ የሚሠራ ቤት

የግዳን ወረዳ ዋና ከተማ ሙጃ ጠዋቷ ብርድ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝና ለላስታ ደጋ እንግዳ ነኝ። ወደ ላሊበላ የሚሄድ መኪና እስኪሞላ ስጠብቅ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ የግቢ አጥር ሲጠግኑ አይቼ ጠጋ አልኩ። ትልቁን ድንጋይ ያስቀምጡና በመዳፋቸው ይነቀንቁታል። ከተወዛወዘ አንስተው ያዞሩታል፤ ሲረጋላቸው ክፍተቱን በጠጠርና በጭቃ ይሞላሉ።

«ላሊበላ ነው የምትሄድ?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

«እዚያማ ዛሬ ድንጋዩ ለመልክ ነው። የሚሸከመው ሲሚንቶው ነው።»

ላሊበላ ስደርስ ያሉትን አየሁ። በብሎኬት ቆሞ ፊቱን በቀይ ድንጋይ የለበሰ፣ በረንዳው ላይ ሣር የተከደነለት አዲስ ቤት አለ። ለምን እንደዚያ እንደሚሠራ ይገባኛል። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍረዋል፤ በአካባቢው ቀይ ድንጋይ የታነጹት ባለ ሁለት ደርብ ክብ የላስታ ቤቶችም የቦታው መልክ ሆነው ይታወቃሉ። ስለዚህ አዲሱ አሮጌውን እንዲመስል ይፈለጋል። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ግን ተነስተው ሌላ ሰፈር ገብተዋል። ቤቱን የሚያውቀው ሰው ርቆ የቤቱ መልክ ብቻ ሲቀር ያሳዝነኛል።

ከመልክ ይልቅ ያሳሰበኝ ቁመት ነው። በሌላ ጥንታዊ ከተማ አዲስ ሕንፃ የሚለካው ከግንቡ ወይም ከደወል ቤቱ ጋር ነው፤ እነሱ ረጅም ናቸውና ትንሽ ቢያድግም ይችሉታል። ላሊበላ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ወደ ታች የተፈለፈለ ስለሆነ ጣሪያው ላይ ያለው መስቀል የሚታየው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመው ነው። እዚህ ምድር ቤት እንኳ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ነው። ሦስት ፎቅ ሲሆን፣ የገና ዕለት በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው ማሜ ጋራ ላይ «ቤዛ ኩሉ» እያሉ የሚዘምሩት ካህናት ከጀርባቸው ምን ይዘው እንደሚቆሙ አስቡት።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በተከለለ የቅርስ ቦታ ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ መገንባትንም መቆፈርንም ይከለክላል። ፈቃድ ግን የሚሰጠው ወረቀት ታይቶ ነው። ወረቀት ላይ ያልታየ መሬት ላይ ሲታይ ምን እንደሚሆን ከመጠለያዎቹ በላይ የሚያስረዳ የለም። በ2008 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አምስት አብያተ ክርስቲያናትን ከዝናብ ለመከለል አራት ግዙፍ የብረት መጠለያዎች ቆሙ። ሥራው በባለሙያ የታሰበ፣ ዓላማውም መልካም ነበር። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን የከተማው ሕዝብ ይነሡልን ብሎ አደባባይ ወጣ። ዓይን ያየውን፣ ንድፉ አስቀድሞ አላሳየም ነበር።

ስዊዘርላንድ ውስጥ ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት፣ የሕንፃውን ቁመትና ማዕዘን በቋሚ እንጨት ቦታው ላይ ያሳያል። ጎረቤት አልፎ ሲሄድ ያያል፤ የሚቃወምም ይቃወማል። ይህን ላስታ ላይ ለማድረግ ባሕር ዛፍ ሞልቷል። ሆቴል ሊያቆም የጠየቀ ሰው ቋሚውን ይትከል፤ ካህኑም፣ ግንበኛውም፣ ተነስቶ የሄደው ነዋሪም ከቤተ ጊዮርጊስ አፋፍና ከማሜ ጋራ ሆነው ይዩት። ባለሀብቱ ጊዜ ይባክንብኛል ማለቱ አይቀርም። ቋሚ መትከል ግን ያለቀ ፎቅ ከማፍረስ እጅግ ይቀላል፤ ማፍረስ ሲጀመር ምን አብሮ እንደሚሄድ ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ያየ አዲስ አበቤ ያውቀዋል።

ቋሚው የማያሳየው ውኃውን ነው። እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት ለዘመናት የጎዳቸው ውኃ ነው፤ ሣር የያዘውን ዝናብ ቆርቆሮና ሲሚንቶ የለበሰ ግቢ ባንዴ ቁልቁል ይለቀዋል። ስለዚህ ፈቃድ ጠያቂው ስለ ድንጋዩ ቀለም ከመጠየቁ በፊት፣ የጣሪያውና የግቢው ጎርፍ በየት ወርዶ የት እንደሚገባ ቦታው ላይ ቆሞ ያሳይ።