ዘጠና ዘጠኝ

«አንድ።»
«አንድ።»
«ሁለት።»
«ሁለት።»
«ዘጠና ዘጠኝ።»

ኮልፌ፣ አጠና ተራ፣ 1996 ዓ.ም.! ከአንድ ግቢ ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከጓደኛዬ ጋር ቀኑን ሙሉ እንዲህ ስንጠራራ እንውል ነበር። እሷ ለአንድ ጥናት የተሞላውን መጠይቅ ታነባለች፤ እኔ እየደገምኩ ኤፒ ኢንፎ በተባለው ፕሮግራም ሰማያዊ ስክሪን ላይ እመታለሁ። ዘጠና ዘጠኝ ማለት ተጠያቂው «አላውቅም» ብሏል ማለት ነው። ቁጥሩ ከሥራ አልፎ የኛ ቋንቋ ሆኖ ቀረ። «ነገ ስንት ሰዓት ትመጫለሽ?» ስላት «ዘጠና ዘጠኝ!» ትለኝና በሳቅ እንፈርሳለን። መብራት ሲሄድ ሻማ ለኩሰን ወረቀቱን በተራ ቁጥሩ እንደረድራለን።

መጠይቆቹ የሚመጡት አፋቸው በሲባጎ በታሰረ የማዳበሪያ ከረጢት ነው። ሁሉንም ሁለት ሁለቴ አስገብተን፣ የኔንና የእሷን አስተያይተን፣ የተለያየውን ወረቀቱ ላይ ተመልሰን አረምን። የወራት ድካማችን በመጨረሻ አንዲት ፍሎፒ ዲስክ ላይ ገባ፤ 1.44 ሜጋ ባይት! ከዚያ ጥናቱ ጆርናል ላይ ወጣና ያ ሁሉ ከረጢት ሦስት ሰንጠረዥ ሆነ። ሰንጠረዦቹን በጣቴ እየዳሰስኩ «ይቺን እኔ ነኝ የመታኋት» እያልኩ ለእናቴ ማሳየቴን እንደ ትናንት አስታውሰዋለሁ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ አንድ ቀን ማታ ሰፈር ውስጥ ቆሎ ገዛሁ። ሻጯ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። ቤት ገብቼ ቆሎውን ሰሃን ላይ ገልብጬ ወረቀቱን ስዘረጋው፣ የኛ መጠይቅ! ገጽ 4። ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ያረምኩት የራሴ እጅ ጽሑፍ። ከረጢቶቹን ያስቀመጠው መሥሪያ ቤት ቢሮ ሲቀይር ወረቀቱን በኪሎ ሸጦታል። ፍሎፒውንም ማን ዘንድ እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። ያቺን ገጽ እስከ ዛሬ አልጣልኳትም፤ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ናት።

ጥናቱ በጆርናል ቀረ፤ የቆመበት መሠረት ግን ቆሎ ተጠቀለለበት። ያኔ የነበረው ወግ ይኸው ነው፤ ጽሑፉ ለዓለም፣ ጥሬ መረጃው ለመሳቢያ።

ኮልፌ ደግሞ ጥናት የማያውቀው ሰፈር አይደለም! ወያላው «ዘነበወርቅ! አየር ጤና!» እያለ በሚጠራበት መንገድ ላይ፣ አለርት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ የኛ አህሪ አለ። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ላገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም መታሰቢያ ነው። አለርት እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ አዳዲስ የሥጋ ደዌ ታካሚዎችን መዝግቦ፣ አንዳንዶቹን እስከ 10 ዓመት ተከታትሎ፣ የነርቭ ጉዳታቸውን መርምሯል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2000 «ሌፕሮሲ ሪቪው» ላይ ወጣ። አስር ዓመት ሙሉ የአንድን ሰው እጅና እግር መከታተል! ሰንጠረዡን ሳነብ ልቤ ከኋላው ወዳሉት ካርዶች ይሄዳል፤ በዚያ ዘመን ግን በታተመ ወረቀት ላይ ተጭነው የሚገቡበት በር አልነበረም።

አሁንማ በሩ አለ! ዲኦአይ ይባላል። በ10 የሚጀምር መለያ ቁጥር ነው፤ ፋይሉ ወደ ሌላ ሰርቨር ቢዛወር እንኳ አድራሻው ይታደሳል እንጂ ቁጥሩ አይለወጥም፤ ሰው ቤት ቀይሮ ስልኩን እንደማይቀይረው። ትልቁ ነገር ደግሞ ጥሬ መረጃውም የራሱ ዲኦአይ ሊኖረው መቻሉ ነው። መረጃው በሚቀመጥበት የኢንተርኔት ማከማቻ ውስጥ መዝገቡ «እኔ የዚህ ጽሑፍ መረጃ ነኝ» ይላል፤ ጽሑፉም «የቆምኩበት መረጃ እዚያ ነው» ይላል። ከየትኛውም ብትነሱ ሌላው ጋ ትደርሳላችሁ። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያን ዘረመል የሚያነቡ ተመራማሪዎችም ንባቡን ዓለም አቀፍ ማከማቻ አስገብተው መለያውን ጽሑፋቸው ላይ ማስፈር ልማድ አድርገውታል። የታማሚ ስምና ስልክ ግን ከፋይሉ ይወገዳል፤ መወገድም አለበት! ሊገለጥ የማይገባው ፋይል ተቆልፎ፣ መኖሩ ብቻ ይመዘገባል። ያቺ የቆሎ ወረቀት የሰው ምስጢር ተሸክማ ገበያ መውጣቷ ዛሬም ያንገበግበኛል።

አገራችንም መስከረም 2012 ዓ.ም. ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አውጥታለች። በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ጥናት ጽሑፉም መረጃውም ክፍት እንዲሆን፣ ጽሑፉ ናድሬ በሚባለው ብሔራዊ ዲጂታል ማከማቻ እንዲገባ ያዛል። ተመራማሪውም መረጃውን እንዴት እንደሚይዝ አስቀድሞ አቅዶ፣ ዕቅዱን ለምርምር ቢሮውና ለቤተ መጻሕፍቱ ያቀርባል። ለቤተ መጻሕፍቱ! የመረጃ ጠባቂ ያለው አገር ሆንን ማለት ነው። ይህን ሳነብ ብድግ ብዬ እልል አልኩ፤ ጎረቤት ልጅ የተወለደ መስሎት መጣ።

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ቤቴ መጣች፤ የማስተርስ ተማሪ ናት። ቡና እየተፈላ በስልኳ አንድ የአገራችንን ጥናት ታነባለች።

«አክስቴ፣ ነይ እስቲ እዪ» አለችኝ። ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ያለችውን ሊንክ ነካች። ዜኖዶ የሚባለው ማከማቻ ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ስራ የጀመረው፣ ከየትም አገር የመጣ ተመራማሪ መረጃውን አስገብቶ ዲኦአይ የሚቀበልበት። ፋይሉን አወረደችው። ረድፍ በረድፍ፣ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ሰው፤ ከጎኑ የኮዶቹ መፍቻ። ሲኒዬን አስቀመጥኩ። መነጽሬን አደረግኩ። ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ ወረድኩ፣ ወረድኩ...

«99 ምንድነው?» አለችኝ።

መልስ ለመስጠት ጊዜ አልነበረኝም፤ መጽሐፍ ቅዱሴን ፍለጋ ወደ ጓዳ ሮጬ ነበር። ገጽ 4ን ጠረጴዛው ላይ ከስልኳ አጠገብ ዘረጋሁላት።

«አንብቢልኝ» አልኳት። «እኔ እደግማለሁ።»

«አንድ» አለች።