ካፖርትና ከሰል

ይኸውላችሁ፣ እኛ የድሬ ልጆች ነን። ሁለት ነን። አንዳችን ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር፣ አንዳችን ከደቻቱ ማዶ አድገን በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሥራ አገኘንና አዲስ አበባ አንዲት ክፍል ተከራይተን ገባን። ያኔ ሻንጣችንን ብትከፍቱት ትስቁብን ነበር። ሽቲ፣ ስስ ቀሚስ፣ ነጠላ ጫማ፣ ሽቶ… ካልሲ? አንድ ጥንድ፣ እሱም ለሥራ ፈተና የተገዛ። ድሬ ላይ ካልሲ የሚያደርግ ሰው ወይ ወታደር ነው ወይ ሙሽራ።

(ከሐረር የመጣችሁ ዝም በሉ፤ እናንተ ብርድ ታውቃላችሁ።)

ሒሳቡን የሠራነው ዘግይተን ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ይቀዘቅዛል ሲባል ትምህርት ቤት ተምረናል። እንግዲህ ገና ደመናው ሳይመጣ፣ ከፍታው ብቻ ሰባት ስምንት ዲግሪ ነጥቆናል ማለት ነው። ከዚያ ላይ ሰኔ ገባ።

መጀመሪያ እምቢ አልን። መሥሪያ ቤት ውስጥ «እናንተ ልጆች አይበርዳችሁም?» ሲሉን «አቦ ተዉን፣ ብርድ ምን ያደርጋል!» እያልን በስስ ቀሚስ ደረታችንን ነፍተን ስንሄድ ሰነበትን። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ጀግንነት አልነበረም። ሹራብ ከደረብን፣ አንገታችንን ከጠቀለልን፣ ድሬ የት ሄደች? ሰው አይቶ «የድሬ ልጅ» የሚለን በምናችን ነው? እንደዚያ ነበር የምናስበው። የሸራ ጫማችን ግን ለእምነታችን ግድ አልነበረውም። ሰኞ ረጠበ፣ ኀሙስም እርጥብ ነበር። ያጠብነው ልብስ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ውሎ ሲገባ የሻገተ ዳቦ ይሸታል። ሽቶ ስንነፋበት ደግሞ ሽቶ የተነፋበት የሻገተ ዳቦ ሆነ።

ከዚያ ወደ ሌላው ጫፍ ሮጥን። መርካቶ ሄደን ከቦንዳ ልብስ መሐል የወር አስቤዛችንን ግማሽ የሚያህል ብር ከፍለን እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የሱፍ ካፖርት ገዛን። አንድ ካፖርት፣ ለሁለት፣ በተራ። የለበሰችው ጄኔራል ትመስል ነበር። ጄኔራሏ በመጀመሪያው ቀን ከታክሲ ወርዳ ቤት እስክትገባ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ አገኛት፤ ካፖርቱ ውኃውን ጠጥቶ በግ አከለ። አራት ቀን ሰቀልነው፣ አልደረቀም። ያኔ ነው የአዲስ አበባን ሰው ደህና አድርገን ማየት የጀመርነው። አንድ ወፍራም ነገር የለበሰ የለም፤ ስስ ስሱን ይደራርባል፣ ከላይ ውኃ የማያስገባ ጃኬት ጣል ያደርጋል። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ወጥታ ስታቃጥል ያወልቃል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲጠቁር መልሶ ይለብሳል። አንዲት ሴት ደግሞ በፕላስቲክ ቦቲ ጭቃውን አቋርጣ መጥታ፣ መሥሪያ ቤቷ በር ላይ ከፌስታል ተረከዛም ጫማ አውጥታ፣ እግሯን ጠርጋ ቀይራ እንደ እመቤት ስትገባ አየን። በማግሥቱ እኛም ፌስታል ይዘን ወጣን።

ቆዳችን ሌላ ጣጣ ነው። ድሬ ላይ ላቡ ራሱ ቅባት ነበር። እዚህ ከንፈራችን ተሰነጠቀ፣ ክንዳችን አመድ ነፋ። ቫዝሊኑ ቆዳው ሳይደርቅ፣ ገና ከመታጠቢያው እንደወጣን ካልተቀባ ዋጋ እንደሌለው ለመረዳት አንድ ወር ፈጀብን። ፀጉር የሚታጠበው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ሆነ፣ ከሰዓት በኋላው ዝናብ ሳይቀድመን እንዲደርቅ። አንዳችን ሒጃብ እናደርጋለን፤ በረጠበ ጨርቅ ሥር የተዘጋ ፀጉር ቀኑን ሙሉ ራስ ያሳምማል። ስለዚህ ቦርሳ ውስጥ ሁልጊዜ ደረቅ ሒጃብ አለ፣ ከደብተር ይቀድማል።

ዓይናችን ሥር የጠቆረውን ግን ፓውደርም አልሸፈነው። እንቅልፍ አልነበረንማ! የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሌሊት ዝናብ ሲወርድ ጎረቤቱ ሁሉ ልብሱን ስቦ ይተኛል። እኛ ቁጭ ብለን እናዳምጣለን። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ልጆች ነበርን። ከላይ ደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ ነው ድሬ ተኝታ ሳለ የመጣባት። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሌሊት ከዘነበ አንድ ሰው ተነሥቶ ያዳምጣል። አዲስ አበባ ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ የማይዘንብበት ሌሊት ስንት ነው?

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው፣ መብራት ጠፍቷል። በረንዳ ላይ ቡና አፍልተን ከጨረስን በኋላ ፍሙ አሳዘነን። ምድጃውን ወደ ክፍላችን አስገባነው። በሩን ዘጋን፣ በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በአሮጌ ሽቲ ጠቀጠቅን፣ መስኮቱንም እንዲሁ። እንዴት ደስ አለን! ከመጣን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በስስ ልብስ ተቀመጥን፣ ድሬ የገባን መሰለን። ትንሽ ቆይቶ አንዳችን ራሴን ከበደኝ አልን፤ ሌላችን «እንቅልፍ ነው፣ በመጨረሻ መጣልሽ» ብለን ሳቅን።

የቤቱ ባለቤት ክብሪት ልትጠይቅ ባትመጣ ይህን ጽሑፍ የሚጽፈው ሰው አይኖርም ነበር። በሩን ገፍታ ምድጃውን ስታይ አንድ ቃል አልተናገረችም። በነጠላዋ ጫፍ ጆሮውን ይዛ አወጣችና ዝናቡ ላይ ጣለችው፤ ፍሙ ጭስ አለ። ከዚያ ነው የጮኸችው። «እናታችሁን ምን ልላት ነበር? ምን ልላት ነበር?» እኛ ደግሞ ጅሎች፣ «እትዬ፣ እኮ አይጨስም ነበር፣ አመድ ለብሷል» ብለን እንከራከራለን። «እሱ ነው የሚገድለው!» አለችን።

እውነቷን ነው። ከሰል አየር በሌለበት ቤት ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ራስ ይከብዳል፣ ያዞራል፣ ያስተኛል። በዚህ መንገድ ተኝተው ስላልነቁ ሰዎች በራዲዮ ሰምተን እናውቃለን። ያኔ «ምስኪን» ብለን አልፈነዋል። ድሬ ላይ ከሰል የሚቀጣጠለው ግቢ ውስጥ ነው፣ መስኮት የሚዘጋም የለ፤ ማን ያስተምረን?

በዚያ ሌሊት በራችን ተከፍቶ ቆየ። እትዬ ከሣጥኗ አሮጌ ጋቢ አውጥታ ወረወረችልን። አራት ድርብ ጥጥ፣ ከካፖርቱ ይልቅ የሚሞቅ፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ። ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውኃ ሞልታ «ካልሲ አላችሁ?» አለች። ያችን የፈተና ካልሲ አወጣንላት። አንዱን እግር ለሃይላንዱ አለበሰችውና እግራችን ሥር አስቀመጠችው። ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ፣ እኛ ግን ተኛን።

ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም ሲሉን አምነን ነበር፤ ውሸት ነው። ጳጉሜን 3 ቀን እንደ ሐምሌ ይወርድ ነበር። የሩፋኤል ፀበል ነው ብለው የግቢው ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ዝናቡ ውስጥ ይጯጯኻሉ፣ እትዬ ራሷ መሐላቸው ቆማለች። ጫማና ካልሲያችንን አውልቀን፣ ሱሪያችንን ሰብስበን ወጣን። ሙስሊሟም ክርስቲያኗም። ውኃው ይቀዘቅዛል ስንላችሁ ይቀዘቅዛል!

ስልክ ጮኸ። ከድሬ ነው፣ የአንዳችን እናት።

«ይህ የሚጮኸው ምንድን ነው? ወንዝ ነው?»

«አይደለም እማ፣ ዝናብ ነው። ጣሪያው ላይ ነው።»

«ደርባችኋል?»

እርስ በርሳችን ተያየን። ጭቃው በጣቶቻችን መሐል ይወጣል።

«አዎ እማ» አልናት።