«ዋንዛ ነው» ሲሏችሁ ገልብጣችሁ እዩት

በቂርቆስና በካዛንቺስ የሚኖር ወይም ይኖር የነበረ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣብኛል። «ደህና ዋንዛ የት ይገኛል?» ይለኛል። አናጢ ስለሆንኩና የምሠራውም እዚሁ ቂርቆስ (የሰፈሩ ልጅ እንኳ ጨርቆስ ነው የሚለው) ስለሆነ፣ መልሱን በኪሴ ይዤ የምዞር ይመስላቸዋል።

እውነቱን ልንገራችሁ። ጣውላ የሚሸጥ ሞልቷል። ችግሩ ጣውላው የተባለውን እንጨት ሆኖ መገኘቱ ላይ ነው። «ዛፍ በሌለበት እንቧጮ አድባር ይሆናል» ይባል የለ? ዛሬም ዋንዛ ሲጠፋ ባሕር ዛፍ ቀለም ተቀብቶ ዋንዛ ነኝ ይላል።

ለመሆኑ ዋንዛ ለምን ተወደደ?

ዋንዛ ለመላጊያና ለመሮ የሚታዘዝ፣ ሲደርቅ ብዙ የማይጣመም፣ ምስጥም ቶሎ የማይደፍረው እንጨት ነው። ከበሮው ከእሱ ነው፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው የጅማ በርጩማም ከእሱ ነው። እንዲህ ስለተወደደም ተጨፈጨፈ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና የሐበሻ ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከለከለ። ያ አዋጅ በ1999 ዓ.ም. በሌላ ተተካ፤ እሱም በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1065 ተተካ። ቁጥሩ ይቀያየር እንጂ ለእኛ ነገሩ ያው ነው፤ ከደን ተሰርቆ የወጣ እንጨት መዘዝ አለው።

በደህና መንገድ የሚመጣው ዋንዛ በአብዛኛው ገበሬው በማሳው ዳር ያሳደገው ወይም ቡናውን ያስጠለለበት ነው። እሱም ቢሆን ፈቃድ ወጥቶለት፣ በየኬላው የሚታይ የይለፍ ወረቀት ይዞ ነው መጓዝ ያለበት። ስለዚህ ሻጩን «ወረቀቱስ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። የሚቆጣ ሻጭ ካጋጠማችሁ መልሱን አግኝታችኋል፤ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።

የእማማ ቁም ሣጥን

ነገሩ የእንጨት ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ በ2017 ዓ.ም. ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው «ካዛ ኢንቺስ» ከሚባሉ ቤቶች የመጣ ነው። በዚያ ዓመት የሰፈሩ ብዙው ክፍል ለኮሪደር ልማት ፈርሶ ነዋሪው ተነሣ። ከተነሡት አንዷ ዕድሜያቸው ሰባዎቹን የገፋ እናት ነበሩ፤ የደረሳቸው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ቁም ሣጥናቸው በደረጃው አልወጣ አለ። ልጆቻቸው «ለቆራሌው ይሰጥና ቺፑድ እንገዛልሻለን» አሏቸው።

እሳቸው ግን እኔ ዘንድ መጡ። «ልጄ፣ ይኼን ያሠራው ባለቤቴ ነው፤ ለሠርጋችን። በሚመጣው ወር ሙት ዓመቱ ነው። ሰው ቤቴ ሲመጣ እቃው ከሌለ ሰውዬውም የሌለ ይመስለኛል» አሉኝ። ምን ትላላችሁ? እኔ የምለው ጠፋኝ። «እማማ፣ ፈትቼ ሁለት አድርጌ እሠራዋለሁ» አልኳቸው። ቀብድ ሊሰጡኝ መቀነታቸውን ሲፈቱ «ሲያልቅ ይደርሳል» ብዬ መለስኩላቸው።

ስፈታው በቫርኒሹ ሥር ጥርት ያለ ዋንዛ ወጣ። ከጀርባው ያለው ኮምፔንሳቶ ብቻ ተበልቷል። ነገር ግን አንዱ ሁለት ሲሆን ተጨማሪ ጎን ይፈልጋል፤ ሁለት ደህና ጣውላ ጎደለኝ። ሁለት ጣውላ! አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ።

የመጀመሪያው ሱቅ «ጋሼ፣ የጅማ ዋንዛ ነው፤ ዓይንዎን ጨፍነው ይውሰዱ» አለኝ። ዓይኔን ገልጬ በሰንጢ ጀርባውን ፋቅ ሳደርገው ቡናማው ተነሥቶ ፈዛዛ ባሕር ዛፍ ብቅ አለ። ልጁ እንኳን ሊያፍር ሳቀ። ሁለተኛው ጋ ዋንዛው እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ጭማቂው ያልደረቀ፣ ብታነሡት እንደ ድንጋይ የሚከብድ ነው። ዛሬ ብሠራው በበጋው ተሰንጥቆ በእማማ ፊት ያዋርደኛል። ሦስተኛው ሁለት ጣውላ አልሸጥም፤ ካልሆነ አንድ ሜትር ኩብ ውሰድ አለ።

ያገኘሁት የት መሰላችሁ? ከእኔ ሱቅ አሥር ደቂቃ በማይሞላ መንገድ፣ ጨርቆስ ውስጥ ያለ አንድ የሙያ ጓደኛዬ ዘንድ። ከትልቅ ሥራ የተረፈውን ዋንዛ ሦስት ዓመት ከጣሪያው ሥር ደርድሮ አስቀምጦታል። ለምን እንደፈለግሁት ስነግረው የሰው ዋጋ ጠራልኝ። እቃው ከሙት ዓመቱ አራት ቀን ቀድሞ አራተኛ ፎቅ ወጣ። እማማ በሮቹን አንድ በአንድ ከፍተው ዘጉ፤ ከዚያ «ጩኸቱ ያው ነው» ብለው ተቀመጡ።

ከኪሳችሁ በፊት እጃችሁን አውጡ

አንደኛ፣ ጣውላውን ገልብጡ። የተቀባ ቀለም ላይ ላዩን ነው። ከጀርባው ወይም ከጫፉ ፋቅ አድርጉት። ዋንዛ ሲላግ ልቡ ቡናማ ሆኖ ቀላ ይላል፤ ዳር ዳሩ ነጣ ያለ ነው። ያ ነጩ ክፍል ነቀዝ የሚወደው ስለሆነ የበዛበትን ተዉት።

ሁለተኛ፣ ሜትር ያዙ። 4 ሜትር ርዝመት፣ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ 50ው አንድ ሜትር ኩብ ይሞላል። ውፍረቱ 2.2 ከሆነ ግን ከ50ው የ6 ጣውላ እንጨት ከፍላችሁ ሳትወስዱ ቀራችሁ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ አንዱን ጣውላ መዝኑት። ጥላ ውስጥ አስቀምጣችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና መዝኑት። ክብደቱ ከቀነሰ ገና ነው፤ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። የድሮ አናጢዎች ደንብ ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ነው። ሲደረደርም መሬት ሳይነካ፣ በየመሐሉ ቀጫጭን እንጨት ገብቶለት፣ ጫፍ ጫፉ ቀለም ተቀብቶ መሆን አለበት። ጫፉ ቀድሞ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ፀሐይ ላይ አስጥቶ ማድረቅ ለበርበሬ ነው እንጂ ለጣውላ አይሆንም።

አራተኛ፣ የፈረሰ ቤት እንጨት ንብረት መሆኑን እወቁ። ከአሮጌ ቤቶች ፍራሽ ውስጥ ዛሬ በቀላሉ የማይገኝ የሐበሻ ጥድና ዝግባ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለብዙ ዓመት የደረቀ ስለሆነ ከአዲሱ ይልቅ የሚታመን ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራም አሮጌ በርና መስኮት አይጠፋም። ሁለት ነገር ግን አትርሱ። የቀበሌ ቤት ፍራሽ የተከራዩ አይደለምና ሻጩ የመሸጥ መብት ያለው መሆኑን ጠይቁ። መጋዝ ከማስነካታችሁም በፊት ማግኔት አስኪዱበት፤ አንድ የተደበቀ ሚስማር መጋዛችሁን ይጨርሰዋል።

ዋንዛ ከጠፋስ?

ሁሉም ነገር ዋንዛ መሆን የለበትም። ለፊቱ ዋንዛ፣ ለውስጡና ለመሳቢያው ግራቪላ ወይም የፈረንጅ ጥድ ማድረግ ወጪ ይቀንሳል፤ ማንንም አያሳፍርም። ለመዶሻና ለመጥረቢያ እጀታ ወይራን የሚያህል የለም። ባሕር ዛፍም በስሙ ከተሸጠና በደንብ ከደረቀ ጥፋት የለበትም። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ይቺን ከተማ የተሸከመ እንጨት ነው። ጥፋቱ ስሙን የሚለውጠው ሰው ነው።

እቃ የምታሠሩ ደግሞ አናጢያችሁን «እንጨቱን ሳይቀባ አሳየኝ» በሉት። ቅር ሊለው አይገባም። በክረምት የተሠራ በር በበጋ ክፍተት ቢያወጣ፣ በበጋ የተሠራው በክረምት ቢጣበቅ፣ እንጨት እርጥበት እየጠጣና እየተፋ የሚኖር ነገር ስለሆነ ነው። ደህና አናጢ ይህን አስቦ ትንሽ ክፍተት ይተዋል። ቀኑን አታስጨንቁት፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ለእኛ ለአናጢዎች ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። ከዛሬ ሥራችሁ የተረፈውን ጣውላ ለማገዶ አትስጡ። ጥላ ውስጥ ደርድራችሁ የገባበትን ቀን ጻፉበት፤ በየሰፈሩ ማን ምን እንዳለው ተነጋገሩ። ሰፈሩ ቢበተንም ሙያተኛው እንዳይበተን ይኸው አንዱ መንገድ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት አንዱ ሁለት ጣውላ ፍለጋ ከተማውን ሲዞር፣ መልሱ እናንተ ጣሪያ ሥር ሊሆን ይችላል።

ቸር ሰንብቱ።