ከኩርሙክ እስከ ሸጎሌ፤ ስለ አንድ ማዕርግ

በአዲስ አበባ፣ በጉለሌ በኩል፣ ሸጎሌ የሚባለውን ሠፈር የማያውቅ የከተማው ነዋሪ ጥቂት ነው። የታክሲ ረዳቶች ከጧት እስከ ማታ «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» እያሉ ይጣሩበታል። እኛም ያደግነው በዚያው ሠፈር ነው። ይሁን እንጂ ስሙ የአንድ ሰው ስም ከነማዕርጉ መሆኑን የተረዳነው ጠጉራችን ከሸበተ በኋላ ነው። የቤኒ ሻንጉል ገዥ የነበሩት ሼክ ሆጀሌ አል ሐሰን አዲስ አበባ ውስጥ የነበራቸው መኖሪያ በዚያ ስለ ነበረ፣ ሕዝቡ ማዕርጉንና ስሙን በአንድ ትንፋሽ ሲጠራው ሁለቱ ቃላት ተዋሕደው «ሸጎሌ» ሆኑ።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን ግን ሠፈራችን ሳይሆን ኩርሙክ ነው። ከአሶሳ ተነሥተን፣ በሖሞሻ በኩል አልፈን፣ ቀርከሃውን እያየን ሙቀቱም እየበረታብን ወደዚያች የጠረፍ ከተማ የሄድነው ለሌላ ጉዳይ ነበር። ኩርሙክ ሁለት ናት፤ አንዲቱ በእኛ፣ ሁለተኛይቱ በሱዳን ግዛት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በተፈራረሙት ውል መሠረት ወሰኑ ሲሰመር፣ የበርታ ሕዝብ ከሁለት ወገን ተከፈለ።

በአንድ ወንዝ ዳር ወርቅ የሚያጥብ ሽማግሌ አገኘንና፣ በአገሩ ልማድ ያከበርነው መስሎን «ሼክ፣ እንደምን ዋሉ?» አልነው። ገበቴውን አስቀመጠና ሣቀ።

«ኡስታዝ፣ እኔ ሼክ አይደለሁም። ሼክ ወርቁን የሚቀበል ነው፤ እኔ የማጥብ ነኝ» አለን።

ይህች አነጋገር ከአእምሮአችን አልወጣ ስላለች፣ የማዕርጉን ታሪክ ከሥሩ ለመያዝ ሞከርን። ነገሩ ወደ ስናር ይመልሳል። የፉንጅ መንግሥት በ1496 ዓ.ም. ተመሥርቶ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሲቆይ፣ በፋዞግሊ በኩል የነበሩት ባላባቶች «መክ» ይባሉ ነበር። መክ ማለት «መሊክ» የሚለው የዓረብኛ ቃል ሲያጥር ሲሆን፣ ትርጓሜውም ንጉሥ ነው። ከትልቅ ንጉሥ በታች ትንሽ ንጉሥ መኖሩ፣ «ንጉሠ ነገሥት» ማለትን ለለመደ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም። በ1813 ዓ.ም. የግብጹ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ጦር ስናርን ያዘ። ልጁ እስማኤል ወርቅና ባርያ ፍለጋ እስከ ፋዞግሊ ዘለቀ፤ መሐመድ ዓሊም ራሱ በ1831 ዓ.ም. በሽምግልናው ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ የወርቁን አገር ሊያይ መጣ። የተመኘውን ያህል ወርቅ ግን አላገኘም።

በዚህ መካከል ከሱዳን የመጡ ነጋዴዎች የበርታን ሴቶች እያገቡ ተቀመጡ። የልጅ ልጆቻቸው «ወታዊጥ» ተባሉ፤ በዓረብኛ የሌሊት ወፎች ማለት ነው። እንስሳ ከሚሉት እንስሳ ያልሆነ፣ ወፍ ከሚሉት ወፍ ያልሆነ ፍጥረት ስም ተለጠፈባቸው ማለት ነው። አገሩን የገዙት ግን እነዚሁ ናቸው። ማዕርጋቸውም መክ መሆኑ ቀርቶ ሼክ ሆነ። «ሼክ» በመነሻው ሽማግሌ፣ የተከበረ አዋቂ ማለት ሲሆን፣ በግብጽ አስተዳደር ጊዜ የግብር ሰብሳቢውም መጠሪያ ሆኖ ነበር። እንግዲህ የሽምግልና ስም የግዛት ስም ሲሆን እናያለን።

ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ወደዚያ አገር ሲዘምቱ፣ በቤላ ሻንጉል ሼክ አብዱራሕማን፣ በሖሞሻ ሼክ መሐመድ፣ በአሶሳ ሼክ ሆጀሌ ይገዙ ነበር። ከአድዋ ድል ገና ሁለት ዓመት መሆኑ ነው። ሼክ ሆጀሌ አዲስ አበባ በእስር ከቆዩ በኋላ ተለቀው አገራቸውን እንዲገዙ ተሾሙ፤ ሌሎቹንም በልጠው የቤኒ ሻንጉል ዋና ጌታ ሆኑ። ቤተ መንግሥቱ ማዕርጋቸውን አልነጠቃቸውም። የጠየቃቸው ወርቅ ነበር።

ወርቅ ብቻም አልነበረም። ከዚያ አገር ሰውም ይወጣ ነበር፤ ለግብር የሚላክ፣ ለገበያ የሚሸጥ ሰው። የሼኩ ባለቤት ሲት አምና በወሰኑ በሱዳን በኩል ተቀምጠው ባርያ ይነግዱ ስለ ነበር፣ የእንግሊዝ ሹማምት በ1920 ዓ.ም. ገደማ ያዟቸው። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና የባርያ ንግድን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነበር፤ ባርነት ፈጽሞ በሕግ የቀረው ግን ነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ነው። ወንጀሉን በሼኮቹ ላይ ብቻ ጭነን እንዳንሄድ ግን፣ ሸማቹ ማን እንደ ነበር መጠየቅ ይገባናል። የደጋው ትልልቅ ቤት ሁሉ እጁ ነበረበት።

ስለ ማዕርግ ካነሣን፣ ከቦምቤ ወደ ደቡብ በባሕር ላይ ስለምትገኘው ስለ ጃንጂራ ጥቂት ሳንናገር ማለፍ አንወድም። ከአፍሪካ ቀንድ ተሸጠው ሕንድ የደረሱ ሰዎች በዚያ «ሐበሺ» ወይም «ሲዲ» ይባሉ ነበር፤ ሲዲ «ጌታዬ» ከሚለው የዓረብኛ ቃል የመጣ ነው። የእነዚህ ሰዎች ወገኖች ያችን የባሕር ምሽግ ይዘው ገዙ፤ የማራታው ንጉሥ ሺቫጂ ደጋግሞ ቢሞክርም ሊያስለቅቃቸው አልቻለም። ቆይተውም «ናዋብ» የሚለውን የመሳፍንት ማዕርግ ያዙ። ግዛታቸው ከሕንድ ጋር የተዋሐደው በ1940 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሕንድ መሳፍንት ማዕርግ በሕገ መንግሥት ማሻሻያ የቀረው በ1964 ዓ.ም. ነው። ከእነርሱ በፊት በልጅነቱ ከኢትዮጵያ ተሸጦ በደካን የጦር አለቃና የአሕመድናጋር መንግሥት አንቀሳቃሽ የሆነው ማሊክ አምበር በ1618 ዓ.ም. ሞቷል። «ማሊክ» ያው የፋዞግሊው «መክ» ነው። አንዱ ቃል በሻጩ አገርም በተሸጠውም ላይ ተቀመጠ።

የተሸጡት ሁሉ ግን ጃንጂራ አልደረሱም። እዚህ ላይ የራሳችንን ነገር መናገር ግድ ሆነብን። በልጅነታችን በሠፈራችን ውሃ እየቀዳ የሚኖር አንድ ሽማግሌ ነበር። ከሼኩ ቤት ሰዎች ጋር ከቤኒ ሻንጉል እንደ መጣ ይነገር ነበር። በቆርቆሮ ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ አንገቱ ላይ ያሉት ጅማቶች እስከ ዛሬ ይታዩናል። ሠፈሩ የሚጠራው ለሰው ልጅ መጥሪያ በማይገባ ቃል ነበር፤ እኛም ያንኑ ቃል እየጮኽን ከኋላው እንሮጥ ነበር። እናታችን ውሃውን ተቀብላ ሳንቲሙን ስትሰጠው እርስዋም በዚያው ቃል ትጠራው ነበር፤ ደግ ሴት ነበረች። አንድ ቀን መቅረቱን ያወቅነው ጋኑ ባዶ ሆኖ ስናገኘው ነው። ቀብሩ ላይ አልቆምንም።

ይህን ለዚያ ለወርቅ አጣቢው ሽማግሌ እንዴት እንደ ነገርነው አናውቅም። ምናልባት ሣቁ አደፋፍሮን ይሆናል። ገበቴውን ጭኑ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ አዳመጠን። ከዚያ የአያቱ ወንድም በልጅነቱ ከወርቁ ጋር ወደ አዲስ አበባ ተወስዶ እንዳልተመለሰ፣ አያቱም እስክትሞት ድረስ ከደጋ የመጣውን መንገደኛ ሁሉ ስለ እርሱ ትጠይቅ እንደ ነበር አወጋን።

«የእናንተ ሠፈር ሰው እርሱ ነው አልልም፤ ብዙ ሰው ነው የሄደው» አለን። «ግን ኡስታዝ፣ የዚያ ውሃ ቀጂ ስሙ ማን ነበር?»

የሠፈሩን ስም ነገርነው። ሳቀና፣ «እርሱማ የሼኩ ስም ነው» አለ። ሌላ የምንነግረው ስም አልነበረንም። ጥቂት ጠበቀን፤ ከዚያም ጎንበስ ብሎ ገበቴውን ወደ ውሃው መለሰ።