ሳይታመሙ መማከር



አባታችን 60 ዓመት ሞልቷቸው ጡረታ ሲወጡ አዲስ ከተማ ባለው ቤታችን የተወራው ስለ ጡረታው አበል ብቻ ነበር። መሥሪያ ቤታቸው ያሳክማቸው የነበረው በሥራ ላይ እስካሉ ድረስ መሆኑን ያሰበ አልነበረም፤ ተማሪዎችን ሒሳብ የምናስተምር እኛም ብንሆን። ያወቅነው የደም ግፊታቸው ተነሥቶ እናታችን የመድኃኒቱን ዋጋ ከቅመም ንግዳቸው ገንዘብ ላይ አንሥተው የከፈሉ ዕለት ነው።

በ2002 ዓ.ም. ደመወዝተኞችንና ጡረተኞችን የሚመለከት የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን ለዓመታት ተጓተተ። ለገበሬውና ለነጋዴው የታሰበው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአንጻሩ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ወደ ሌሎችም ተስፋፋ። እናታችን ነጋዴ ናቸውና በእርሳቸው በኩል ቤተሰቡን ለማስመዝገብ አሰብን።

አባታችን ግን «ሳልታመም ለሕመም ልክፈል? ደግሞስ ኢንሹራንስ ከቁማር በምን ይለያል?» አሉን። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ጅዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ የንግዱን ኢንሹራንስ ከልክሎ በመረዳዳት ላይ የቆመውን ፈቅዷል። በማኅበረሰቡ መድን ጤነኛው ባዋጣው ሕመምተኛው ይታከማል፤ ትርፍ የሚካፈል ባለ አክሲዮን የለውም። ይህንን ስናስረዳቸው «እንደ እድራችን ነው በሉኛ!» ብለው ተቀበሉ።

ቀጥለን የማይሸፍነውን ጠየቅን። አባሉ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ጤና ጣቢያ ነው፤ ሆስፒታል የሚታከመው በሪፈር ነው። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ አይካተቱም። 18 ዓመት ላለፈው ወንድማችን ተጨማሪ መዋጮ ይከፈላል። መድኃኒት ከጤና ጣቢያው ሲታጣም ከውጭ መግዛት ይመጣል።

ስለዚህ ጉድለቱን የምንሞላበት አበጀን። እኛ ልጆች ደመወዝ እንደ ወጣ ጥቂት ጥቂት ብር በእናታችን እጅ እናስቀምጣለን፤ ገንዘቡ ከሕክምና በቀር ለሌላ አይነካም።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ወላጆቻችሁ ጡረታ የሚወጡበት ቀን አስቀድሞ የታወቀ ነው። ያ ቀን ሳይደርስ ተቀምጣችሁ ምከሩ፤ የመሥሪያ ቤቱ ሕክምና መቼ ያበቃል? በመድኑ ማን ማን ይታቀፋል? ያልተሸፈነውን ማን ይከፍላል? የመመዝገቢያው ጊዜም እንዳያልፋችሁ ከቀበሌያችሁ ጠይቁ። እኛ ዘግይተን ጠየቅን፤ የዘገየንበትን የከፈሉት እናታችን ናቸው።