የደንብ ምክንያት

ያልሠሩት ሥራ ሁሉ ቀላል ይመስላል። ከአባቴ የወረስኋት ቶዮታ ዘይቷ ውሃ ገብቶበት እንደ ወተት በነጣ ጊዜ፥ ለመካኒክ የምከፍለው ስላልነበረኝ ቴስታታውን በገዛ እጄ ፈትቼ ጋርኒሲዮኑን ለወጥሁ። መጽሐፉ ብሎኖቹ በተራ እንዲጠብቁ ቢያዝም ምክንያቱን ስላልነገረኝ ንቄ፥ እንዳመቸኝ ከዳር ጀመርሁ። በሦስተኛው ቀን ዘይቱ ዳግመኛ ነጣ።

ሽማግሌው መካኒክ ጎረቤቴ ሳይስቁብኝ፥ «ልጄ፥ ከመካከል ወደ ዳር፥ በየደረጃው ካልጠበቀ ጋርኒሲዮኑ እኩል አይጨመቅም» አሉኝ። ሌላ ገዝቼ እንዳሉኝ ባደርግ ሞተሩ ዳነ።

የቈጨኝ ግን ሌላ ነው። እኔም በመሥሪያ ቤቴ ባለጉዳዩን «ደንቡ ነው» ብዬ ብቻ አሰናብት ነበር። ዛሬ ምክንያቱን ሳልነግረው የምሸኘው ሰው የለም።